ስለ ምዕራብ ሸዋ ሴቶች ዜማና በሬዲዮ ስለሚሰጠው ስፍራ

መግቢያ

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረች፥ በፍል ውሃዋና በማዕድን ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚሁ መንገድ ላይ ከእርሷ በፊት ጊንጪ፥ ከእርሷም በኋላ ጉደር፥ ጌዶና ባኮ ተከታትለው ይገኛሉ። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው የሜጫ ኦሮሞ ነው። አምቦና አካባቢዋ በኪነ ጥበብ ረገድ ዘወትር በሁለት ሰዎች ስም ይጠራሉ። አንደኛው በቦዳ የተወለደው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሲሆን፥ ሁለተኛው በአምቦ ተወልዶ ያደገውና ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገደለው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ነው። ሁለቱም ዝናቸውን በሥራቸው ያገኙ ናቸው። ሆኖም ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ስለ አገሩ ዜማና ቅኔ በተነሣ ቁጥር የሴት ስም ሦስተኛ ሆኖ ሲጠራ አይሰማም።

ይህ የሆነው የአገሩ ሴቶች ስለማይዘፍኑ ነውን? በምዕራብ ሸዋ ገጠር ጥቂት ቀን የሰነበተ ሰው መልሱን ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ከልደት ጀምሮ እስከ ቀብር ድረስ ሴት ሳታዜምበት የሚያልፍ የኑሮ ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው ሴቶች ለምን አይዘፍኑም ተብሎ ሳይሆን፥ ይህን ያህል የሚዘፈነው ዜማ ወደ ሬዲዮና ወደ ካሴት፥ ዛሬም ወደ እጅ ስልክ ሲሻገር ለምን በመንገድ ይቀራል ተብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው አሳብ፥ ዜማውን የሚለየው ወንፊት ከሬዲዮው በፊት የተሠራ መሆኑን፥ የሠሩትም ነጋዴዎችና ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆኑ ዜማውን የሰበሰቡና የተረጐሙ ሊቃውንት ጭምር መሆናቸውን ማሳየት ነው።

የሁለቱ ዜማዎች ጠባይ

በኦሮሞ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ጌረርሳ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር አዛምዶ ሊረዳው ይችላል፤ ነገር ግን ጌረርሳ ከሁለቱም ሰፋ ያለ ነው። በጥንቱ ልማድ ትልቅ አውሬ ወይም ጠላት የገደለ ሰው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጀግንነቱን፥ የአባቶቹን ስምና ያሳለፈውን መከራ በዜማ ይናገርበት ነበር። በኋላም ድኻው ድኽነቱን፥ እስረኛው እስራቱን፥ የተበደለው በደሉን ያሰማበት ጀመር። ይዘቱ ምንም ያህል ቢለዋወጥ ግን ሦስት ነገሮች አልተለወጡም። ተናጋሪው አንድ ሰው ነው፤ የሚናገረውም «እኔ» እያለ ነው፤ ይህም ሰው ዘወትር ወንድ ነው። ሴቶች በዚህ ዜማ ዙሪያ ስፍራ የላቸውም ማለት አይደለም። ጀግናውን ያወድሳሉ፤ ፈሪውን በግጥም ይሰድባሉ፤ እልል ይላሉ። ስፍራቸው ግን የመስካሪነትና የፈራጅነት እንጂ የባለ ታሪክነት አይደለም።

የሴቶቹ ዜማ ጠባዩ ሌላ ነው። ሴት በወለደች ጊዜ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው፥ ገንፎ እየተበላ፥ ማራምን ያመሰግናሉ፤ አራሷን ያጽናናሉ፤ መካኒቱም እንድትወልድ ይለምናሉ። በሠርግ ጊዜ የሙሽራዪቱ ጓደኞች የሙሽራውን ሚዜዎች በግጥም እያፌዙ ይቀበሏቸዋል፤ ሙሽራዪቱም ከእናቷ ቤት ስትለይ የስንብት ዜማ ይዜማል። አቴቴ በሚባለው ሥርዓት ሴቶች ስለ ልጅ፥ ስለ ከብትና ስለ ጤና በኅብረት ይማለዳሉ። ወተት ሲናጥ፥ እህል ሲፈጭ፥ ሕፃን ሲታቀፍ ለየራሱ የተለየ ዜማ አለው። በለቅሶም ላይ የሟቹን ሥራ እየቈጠረች የምታስለቅሰው ሴት ናት። በተለይ በአርሲ በኩል ገንኖ በሚታወቀው የስንቄ ሥርዓት ደግሞ፥ ሴት በተበደለች ጊዜ ጎረቤቶቿ ከእናቶቻቸው በጋብቻቸው ቀን የተቀበሉትን ዘንግ ይዘው እየዘመሩ ይወጣሉ፤ በዳዩም ካልካሠ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህ ዜማ ክስም፥ ሸንጎም፥ ፍርድም ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚተባበሩበት ነገር አለ። የሚዜሙት በብዙ ድምፅ ነው፤ አንዲቱ ታወጣለች፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አውጪዋም ስትደክም ቦታዋን ሌላዋ ትይዛለች። የዜማው ርዝመት በሥራው ርዝመት ይወሰናል፤ ቅቤው እስኪወጣ፥ ሙሽራዪቱ እስክትሄድ፥ በዳዩ እስኪክስ ድረስ ይዘልቃል። ባለቤት የለውም፤ ወይም ባለቤቱ ያ ጉባኤ ነው። «እኔ» የሚለው ቃል ቢነሣ እንኳ የአንዲቱ ብቻ አይደለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ተራ በተራ የሚገቡበት ቤት ነው።

ሬዲዮ የሚመርጠው

ሬዲዮና ካሴት የሚፈልጉት ዜማ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሲታሰብ የነገሩ ምሥጢር ይገለጣል። የሬዲዮ ዘፈን ከአራትና ከአምስት ደቂቃ ብዙ የማያልፍ፥ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፥ የአንድ ድምፃዊ ስም የሚጠራበት፥ ከሥራውና ከሥርዓቱ ተለይቶ ለብቻው የሚደመጥ ሊሆን ይገባዋል። በካሴትና በአልበም ሽፋን ላይም የሚታተመው የአንድ ሰው ፊት ነው። ጌረርሳ ይህን ሁሉ ለማሟላት ከሞላ ጎደል የተዘጋጀ ነበር። ቀድሞም አንድ ሰው ስሙን እየጠራ በሕዝብ ፊት የሚያሰማው ነበርና ወደ ማይክሮፎኑ ለመቅረብ ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀረው። የማራም ዜማ ወይም የስንቄ ዜማ ግን ወደዚያ ለመድረስ ኅብረቱን፥ ጊዜውንና ሥራውን ጥሎ መሄድ ነበረበት። መሣሪያው በሴትና በወንድ መካከል ለማዳላት ባይታሰብም፥ ቅርጹ ግን ለአንዱ በር፥ ለሌላው ግንብ ሆነ።

በዚህ ላይ የታሪክ ምክንያት ይጨመርበታል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ኦሮምኛ በሕትመትም ሆነ በሬዲዮ የነበረው ስፍራ እጅግ የጠበበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድሬዳዋ የተነሣው የአፍረን ቀሎ የዜማ ቡድንም፥ እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሥርቶ በ1967 የታገደው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም፥ ቋንቋው በአደባባይ እንዲሰማ የሚሹ ሰዎች ምን ያህል ይደክሙ እንደ ነበር ያስረዳሉ። ስለዚህ የኦሮምኛ ዘፈን ወደ አየር የወጣው እንደ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን እንደ ክርክርና እንደ ትግል ጭምር ነው። በትግል ጊዜ ሕዝብ ለራሱ ተናጋሪ ሲመርጥ ጀግናውን ይመርጣል፤ ጀግናው ደግሞ በጌረርሳ ልማድ ወንድ ነው። ምርጫው ሊገባን የሚችል ነው፤ ነገር ግን ሊገባን መቻሉ ዋጋ ሳይከፈልበት ቀረ አያሰኝም።

የሃጫሉ ሥራዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ገና ልጅ ሳለ ለአምስት ዓመት ያህል ከታሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ሰኚ ሞቲ» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበሙ በአብዛኛው በእስር ቤት ሳለ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» በቅርጹ የፍቅር ዘፈን ሲሆን ከመሬት የመፈናቀል እንጉርጉሮ ሆኖ ተደመጠ፤ በ2017 የወጣው «ጅራ» ደግሞ በተቃውሞው ዘመን የአንድ ትውልድ ድምፅ ሆነ። የጌረርሳን መንፈስ ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር በማዋሐድ ረገድ የሃጫሉ ችሎታ የማይካድ ነው። ነገር ግን ሐያሲ ሊያየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በፍቅር ዘፈኑ ውስጥ ሴቲቱ የምትጠራ እንጂ የምትናገር አይደለችም፤ የናፈቀው ይናገራል፥ የተናፈቀችው ዝም ትላለች። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን የዘርፉ ሕግ ነው። በምስል ተቀርጾ በሚቀርበው ዘፈን ይኸው ሕግ በዓይን ይታያል። ወንዱ ሲዘፍን ሴቶቹ የአገር ልብስ ለብሰው ከኋላው ይጨፍራሉ፤ አልፎ አልፎም ይቀበላሉ። በእናቶቻቸው ዘንድ ተቀባይ የነበረችው ተራዋ ሲደርስ አውጪ ትሆን ነበር። በተቀረጸው ዘፈን ግን ተራው አይደርስም። ምስሏ አለ፤ ድምፅዋ ግን የማጀቢያ ሆኖ ቀርቷል።

የሰብሳቢዎች ድርሻ

ለዚህ ሁሉ ሬዲዮውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሊቃውንቱም አስቀድመው መርጠዋልና።

የኦሮሞን ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ በጽሑፍ የማኖር ሥራ ሲጀመር ሴት ነበረችበት። ከባርነት ነጻ ወጥታ በኤርትራ በእምኩሉ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ጋኖ ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሾች፥ ተረቶች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጽፋ አኖረች፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ ሰብሳቢዋም፥ ምንጯም፥ ጸሐፊዋም አንዲት ሴት ነበረች። ከ28 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1922፥ ኤንሪኮ ቼሩሊ በእንግሊዝኛ ያሳተመው የኦሮሞ ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ ወጣ። ዋናው ነጋሪ ሎሬንሲዮስ ወልደ ኢየሱስ የተባለ ሰው ነበር። ቼሩሊ ላደረገው ድካም ተማሪ ሁሉ ባለዕዳ ነው፤ ሆኖም በስብስቡ ውስጥ የጦርና የጀግንነት ዘፈን ሰፊውን ስፍራ መያዙ ሊያስደንቅ አይገባም። ወንዱን የጠየቀ ሰው ወንዱ የሚያውቀውን ይሰማል። በኋላ የመጡ ሊቃውንት የአስቴርን መጽሐፍ እንደ ፊደል መማሪያ፥ የቼሩሊን መጽሐፍ ግን እንደ ሥነ ጽሑፍ ምንጭ መቍጠራቸው ነው ነገሩን ያከበደው።

ከአምቦ አካባቢ ጋር የቀረበ ግንኙነት ያለው የካርል ኤሪክ ክኑትሶን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። በሜጫ ዘንድ የቃሉን ሥልጣንና በዘመኑ የደረሰበትን ለውጥ ስለሚመረምር፥ ጆሮው በሥልጣን ላይ ባሉት ሰዎች ዘንድ መሆኑ የርእሱ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአዲሱ ቶለሳ መጽሐፍ ደግሞ ጌረርሳን የኦሮሞ ብሔራዊ ሥነ ጽሑፍ አድርጎ ያቀርበዋል። መጽሐፉ ጌረርሳ ያለፈ ዘመን ፉከራ ብቻ አለመሆኑን፥ የሕዝብን ታሪክና ብሶት የሚሸከም ሕያው ዘርፍ መሆኑን በማስረዳቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በልማድ ግማሹ ሕዝብ የማይናገርበትን ዘርፍ የመላው ብሔር ሥነ ጽሑፍ ብሎ መሰየም፥ ደራሲው ባያስበውም፥ የሌላውን ግማሽ ዜማ ወደ ጓዳ ይመልሰዋል። ብሔራዊ የሚለው ስም ለጌረርሳ የሚገባ ከሆነ ለስንቄ ዜማ የማይገባበት ምክንያት ሊነገር ይገባ ነበር።

«ወንድ ሰብሳቢ የሴቶችን ዜማ ሊያገኝ አይችልም» የሚል ምክንያት ሲሰጥ ይሰማል። ይህን ምክንያት የሚያፈርሰው የላምበርት ባርቴልስ ሥራ ነው። ባርቴልስ በምዕራብ ወለጋ ያገለገለ ሆላንዳዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ወንድም፥ የውጭ አገር ሰውም፥ ቄስም ሆኖ ሳለ ስለ ሜጫ የወሊድ ልማድና የወሊድ ዜማ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ፤ በ1983 ባወጣው ስለ ምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት በሚናገረው መጽሐፉም ለሴቶች ሥርዓት ስፍራ ሰጠ። በወሊድ ቤት የሚዜመው ሥነ ጽሑፍ ነው ብሎ ስላመነ ጠየቀ፤ ስለጠየቀም አገኘ። እንግዲህ ያልተሰበሰበው ዜማ የተሸሸገ ሳይሆን ያልተጠየቀ ነበር።

ስለ ብቸኛ ድምፅና ስለ ሮክ

በዚህ አሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የሴት ድምፃውያንን ሳያሰማ አልቀረም። የክብር ዘበኛዋ ብዙነሽ በቀለ፥ ክራሯን ይዛ ያንጎራጎረችው አስናቀች ወርቁ፥ በኋላም አስቴር አወቀ ስማቸው የገነነ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ባለሙያዎች የወጡት አንዲት ሴት ለብቻዋ ቆማ መዝፈኗን ከሚያውቀው የአዝማሪና የከተማ ልማድ፥ ከቴያትር ቤትና ከወታደር ሙዚቃ ክፍል ነው። በዚያም ቢሆን ድርሻቸው አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ፥ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለዓለም ሲያስተዋውቅ ለአስናቀች ወርቁ 16ኛውን፥ ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ 21ኛውን ጥራዝ ሰጥቷል፤ ለአንድ ባለሙያ ከተሰጡት ከቀሩት ጥራዞች ብዙዎቹ የወንዶች ናቸው። በኦሮምኛም ቢሆን ኢልፍነሽ ቀኖ በትግል ዘፈኖቿ የታወቀች ናት፤ ሴና ሰሎሞንም በዘፈኖቿ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 በፀረ ሽብር ሕግ ክስ ተመሥርቶባታል። ሴት ስለ ሕዝብ ጉዳይ አትዘፍንም የሚለው አሳብ በፍርድ ቤት መዝገብ እንኳ ይረታል።

ሌላው ምስክር ከሩቅ የመጣው የሮክ ሙዚቃ ነው። ሮክና ከእርሱም የከበደው ሜታል የሚባለው፥ በኃይለኛ ድምፅ፥ በፉከራና በአልገዛም ባይነት ላይ የቆሙ በመሆናቸው፥ ምንም እንኳ በዘር ባይገናኙ ከጌረርሳ ጋር በጠባይ ይቀራረባሉ። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ፥ ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ፥ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፥ ሴቶች ነበሩ። ሮክ በተወለደበት አገር እንኳ እንዲህ ያለ እኩልነት ብርቅ ነው። በአሜሪካ አማራጭ ሮክ በሚባለው የሬዲዮ ሠንጠረዥ ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ1996 ትሬሲ ቦናም አንደኛ ከወጣች በኋላ፥ በ2013 ሎርድ የተባለችው የኒው ዚላንድ ወጣት እስክትመጣ ድረስ ለ17 ዓመታት ለብቻዋ የዘፈነች ሴት አንደኛ አልሆነችም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከ2012 እስከ 2017 ከተወደዱት 600 ዘፈኖች ድምፃውያን ውስጥ ሴቶች 22.4 በመቶ፥ ከደራሲዎቹም 12.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ቈጥረዋል። በ2015 ደግሞ አንድ የአሜሪካ የሬዲዮ አማካሪ ስለ አገሬው የካንትሪ ዘፈን ሲናገር፥ ወንዶቹን በሰላጣ ቅጠል፥ ሴቶቹን በቲማቲም መስሎ፥ ጣቢያዎች አድማጭ እንዳይሸሻቸው የሴቶችን ዘፈን እንዲቀንሱ መከረ።

የአማካሪው ምክንያት በአምቦም በአዲስ አበባም የሚሰማ ነው፦ «አድማጩ አይወደውም» ይባላል። ነገር ግን አድማጭ ያልሰማውን ሊወድ አይችልም፤ ያልወደደውም ስለማይቀርብለት አይሰማም። ይህ ክብ የሚሰበረው ከአቅራቢው ወገን ነው። ደግሞም የአሜሪካው ምሳሌ አንድ ልዩነት ያሳያል። በዚያ አገር የጐደለው ለብቻዋ የምትዘፍነዋ ሴት ናት፤ ስለዚህ ብዙ ሴት ድምፃውያንን መጨመር በቂ መድኃኒት ሊመስል ይችላል። በምዕራብ ሸዋ ግን ለብቻቸው የሚዘፍኑ ሴቶች ቢበዙ እንኳ፥ የእናቶቻቸው የኅብረት ዜማ ከደጅ እንደ ቆመ ሊቀር ይችላል። የጐደለው ሁለት ነው፤ አንዱን መሙላት ሌላውን አይሞላም።

መደምደሚያ

ከዚህ የሚከተሉት አሳቦች ለመርማሪውም ለአሰራጩም የሚጠቅሙ ናቸው። በመጀመሪያ፥ የሴቶች ዜማ ሲቀረጽ የአውጪዋ ስም፥ የቦታውና የሥርዓቱ ስም አብሮ ይጻፍ። «የሕዝብ ዜማ» የሚለው መጠሪያ ትሕትና ቢመስልም፥ ግጥሙን ያወጣችውን ሴት ስም አልባ ያደርጋታል፤ የጌረርሳ ባለቤት ግን ስሙ ይጠራል። ሁለተኛ፥ ሬዲዮ ዜማውን ወደ አምስት ደቂቃ ከመቍረጥ ይልቅ አንዳንድ ጊዜ ለዜማው ልክ የሆነ ጊዜ ይስጠው፤ የሠርግ ዜማ እንደ ሠርግ፥ የእሹሩሩ ዜማ እንደ እሹሩሩ ይሰማ። ሦስተኛ፥ ምን ያህል ሴት ተሰማ ተብሎ ሲቈጠር አውጪና ተቀባይ ይለዩ፤ አጃቢዋን እንደ ድምፃዊት የቈጠረ ቈጠራ ጕድለቱን ይሸፍናልና። አራተኛ፥ እንደ አቴቴ ያለው ሥርዓት የሃይማኖት ነገር ስለ ሆነ፥ አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎች እንዲተዉት ስላስተማሩ፥ የባለቤቶቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ ወደ አደባባይ አይውጣ።

ይህ ሥራ ጊዜ የማይሰጥ ነው። የወተት መናጫው ቅል ከቤት እየወጣ፥ እህሉ በወፍጮ ቤት እየተፈጨ፥ አራሷም በሆስፒታል እየተኛች ስትሄድ ዜማው የሚታሰርበት ሥራ ይጠፋል፤ ሥራውም ሲጠፋ የሚያስታውሱት የሸመገሉ ሴቶች ብቻ ይሆናሉ። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹን «አያቴ» እያሉ የሚጠሩ ናቸው፤ ከማንም የውጭ አገር ሰብሳቢ ይልቅ በሩ ለእነርሱ ክፍት ነው። አምቦ የጀግና ዜማ አገር መባሏ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጀግናው ሲወለድ ማራምን ያመሰገነችው፥ ሲያገባ ሚዜዎቹን በግጥም የተቀበለችው፥ በሞተም ጊዜ ሥራውን ቈጥራ ያስለቀሰችው ሴት ነበረች። የእርሱ ዜማ ብቻ የተሰማበት አገር የታሪኩን መካከል ሰምቶ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አላወቀም።